የ2025ቱ የኬንት ካውንቲ ምክር ቤት ምርጫና ያስከተለው ፖለቲካ

ኬንት ከለንደን ደቡብ ምሥራቅ ዳርቻ ተነስታ እስከ ዶቨር ነጫጭ ገደሎች የምትዘልቅ የእንግሊዝ ካውንቲ ናት። ከፈረንሳይ የሚለያት ጠባብ ባሕር ብቻ ነው። ሐሙስ ሚያዝያ 23 ቀን 2017 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ሜይ 1 ቀን 2025) በተካሄደው የካውንቲ ምክር ቤት ምርጫ፣ ስደት ይቀነስ የሚለውና በቀደመው ምርጫ አንድም ወንበር ያላገኘው ሪፎርም ዩኬ የተባለ ፓርቲ ከ81 ወንበሮች 57ቱን ጠቅልሎ ወሰደ። ካውንቲውን ለ28 ዓመታት ሲያስተዳድር የኖረው ወግ አጥባቂ ፓርቲ አምስት ወንበር ብቻ ቀረው። ሊበራል ዴሞክራቶች 12፣ ግሪኖች 5፣ በአገር ደረጃ ሥልጣን ላይ የነበረው ሌበር 2 አገኙ። ሪፎርም በዚያ ቀን በመላ እንግሊዝ ካሸነፋቸው ምክር ቤቶች መካከል ኬንት ከትልልቆቹ አንዷ ስለሆነች፣ ፓርቲው አገር ማስተዳደር ይችል እንደሆነ መለኪያ ተደርጋ ትታይ ጀመር። ከዚህ በታች ያሉት ቀኖች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የካውንቲው ሥራ

የእንግሊዝ የአካባቢ አስተዳደር አንድ ወጥ መልክ የለውም። አንዳንዱ አካባቢ ሁሉንም ሥራ በአንድ ምክር ቤት ያከናውናል፤ ኬንት ግን ከቀሩት ባለ ሁለት እርከን አካባቢዎች አንዷ ነች። ከታች ካንተርበሪን፣ ዶቨርን፣ ታኔትንና አሽፎርድን ጨምሮ 12 ዲስትሪክቶች አሉ። ከላይ ደግሞ ሜድስተን ከተማ ሴሽንስ ሀውስ በሚባል የቆየ የድንጋይ ሕንፃ የሚቀመጠው የካውንቲው ምክር ቤት አለ። በመልክዓ ምድርም በታሪክም የኬንት አካል የሆነው ሜድዌይ ከ1998 ጀምሮ ራሱን ችሎ ስለሚተዳደር በዚህ ምርጫ አልተሳተፈም።

የሁለቱን እርከኖች ልዩነት ለመረዳት ቆሻሻን መከተል ይበቃል። አሽፎርድ ውስጥ አንድ ሰው ማታ ከበሩ ፊት ያወጣውን ቢን (የቆሻሻ ማስቀመጫ) ጠዋት መጥቶ የሚያነሳው የዲስትሪክቱ መኪና ነው። ጭነቱ ከተራገፈ በኋላ ግን ቆሻሻው የካውንቲው ጣጣ ይሆናል፤ ሜድስተን አጠገብ አሊንግተን በሚባለው ቦታ እንዳለው ባሉ ማቃጠያዎች የሚያስወግደውም፣ ሂሳቡን የሚከፍለውም ካውንቲው ነው። ነዋሪው ዘንድ የሚደርሰው የካውንስል ታክስ (በመኖሪያ ቤት ላይ የሚከፈል የአካባቢ ግብር) ደብዳቤ ደግሞ አንድ ነው። የዲስትሪክቱም የካውንቲውም የፖሊሱም ድርሻ እዚያው ወረቀት ላይ ስለሚሰፍር፣ አብዛኛው ሰው «ካውንስሉ» ሲል የትኛውን ማለቱ እንደሆነ ራሱም ለይቶ አያውቅም።

መንገድ፣ ቤተ መጻሕፍት፣ የልደትና የጋብቻ ምዝገባ፣ የትምህርት ቤት ቅበላ፣ የተማሪዎች መጓጓዣ በካውንቲው እጅ ናቸው። ገንዘቡን የሚበላው ግን ሌላ ነው። በ2025/26 ወደ 1.5 ቢሊዮን ፓውንድ ገደማ ከደረሰው የተጣራ በጀት ከግማሽ እጅግ የሚበልጠው የሚሄደው ለአረጋውያንና ለአካል ጉዳተኞች እንክብካቤ፣ ለአሳዳጊ አልባ ሕፃናትና ልዩ ድጋፍ ለሚያስፈልጋቸው ልጆች ነው። ይህን ሁሉ እንዲያደርግ ሕግ ያስገድደዋል። መንገድ ላይ ያለውን ጉድጓድ ለከርሞ ማሳደር ይቻላል፤ ብቻዋን ከአልጋ መነሳት ለማትችል የ87 ዓመት ባልቴት የሚላከውን ረዳት ግን ለከርሞ ማሳደር አይቻልም። ከምርጫው በኋላ የሆነውን ነገር ሁሉ ለመረዳት ከዚህ በላይ የሚጠቅም ነጥብ የለም።

እስከ ምርጫው ያለው መንገድ

የኬንት ካውንቲ ምክር ቤት የተቋቋመው በ1889፣ ካውንቲዎች የተመረጠ ምክር ቤት እንዲኖራቸው በደነገገው የ1888 አዋጅ ነው። ሃያኛውን ክፍለ ዘመን በአብዛኛው የወግ አጥባቂዎች ርስት ሆኖ አሳለፈ። ከ1993 እስከ 1997 ማንም አብላጫ ባለማግኘቱ ከእጃቸው ወጥቶ የነበረ ሲሆን፣ በ1997 መልሰው ያዙት። ፖል ካርተር ከ2005 እስከ 2019፣ ከዚያም ሮጀር ጎፍ እስከ 2025 መሩት።

ከለንደን ሆኖ ለሚመለከት ውጤቱ ድንገተኛ ዱብ ዕዳ ይመስል ነበር፤ ኬንትን ለሚያውቅ ግን ምልክቱ ቆይቷል። የሪፎርም መሪ ናይጅል ፋራጅ የካውንቲዋ ልጅ ነው። በፊት ይመራው የነበረው፣ ብሪታንያ ከአውሮፓ ኅብረት እንድትወጣ የሚታገለው ዩኪፕ በ2013ቱ የኬንት ምርጫ 17 ወንበር አግኝቶ ነበር። በ2015 ፋራጅ ለፓርላማ በሳውዝ ታኔት ተወዳድሮ በ2,812 ድምፅ ተሸነፈ፤ በዚያው ዕለት ግን ፓርቲው የታኔት ዲስትሪክትን ምክር ቤት በአብላጫ ያዘ። ዩኪፕ በታሪኩ የተቆጣጠረው ብቸኛ የዲስትሪክት ምክር ቤት ይኸው ነበር። ደስታው ብዙም አልቆየም፤ የተዘጋውን የማንስተን አውሮፕላን ማረፊያ እንከፍታለን ብለው የገቡት ተመራጮች በዚያው ጉዳይ ተጣልተው ተበታተኑ፣ አብላጫውም በወራት ውስጥ ጠፋ። በ2016ቱ ሕዝበ ውሳኔ ከኬንት መራጭ ከግማሽ በላዩ ከአውሮፓ ኅብረት መውጣትን ደገፈ። በ2017 የካውንቲ ምርጫ ዩኪፕ አንድም ወንበር ሳያገኝ ሲቀር ብዙዎች ነገሩ አለቀ ብለው ነበር፤ ቤቱን ቀየረ እንጂ ቁጣው አልበረደም ነበር።

ከ2018 ጀምሮ በትንንሽ የላስቲክ ጀልባዎች ባሕሩን አቋርጠው የሚገቡ ጥገኝነት ጠያቂዎች ቁጥር እስከ 2022 ድረስ ከዓመት ዓመት ጨመረ። ድንበር መጠበቅ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር ሥራ ነው፤ ካውንቲው አንዲት ጀልባ የመመለስ ሥልጣን የለውም። ይሁንና ጉዳዩ ሴሽንስ ሀውስ ድረስ የሚመጣበት አንድ በር አለ። ያለ ወላጅ ብቻቸውን የሚደርሱ ልጆችን፣ ኤርትራዊ ይሁን አፍጋናዊ ወይም ሱዳናዊ፣ ተቀብሎ የማሳደር ግዴታ በ1989ኙ የሕፃናት ሕግ መሠረት የወደቀው በደረሱበት ካውንቲ ላይ ነው። ዶቨር ደግሞ ኬንት ውስጥ ናት። ካውንቲው በ2020ና በ2021 «ከአቅሜ በላይ ሆነ» ብሎ አዳዲስ ልጆችን መቀበል ሲያቆም፣ መንግሥት ልጆቹን ሆቴል ውስጥ ያስቀምጣቸው ጀመር፤ ከእነዚያ ሆቴሎች የጠፉ ልጆች ነበሩ። በጁላይ 2023 የለንደን ከፍተኛ ፍርድ ቤት የሁለቱንም አድራጎት ሕገ ወጥ አለው። እንደ እኔ አስተያየት፣ ከስደቱ ክርክር ውስጥ ካውንቲውን በእርግጥ የሚመለከተው ይህ ነበር፤ በምርጫው ዘመቻ ግን ብዙም አልተነሳም።

የገንዘቡም ችግር የቆየ ነው። በኖቬምበር 2022 የኬንቱ ጎፍ ከሃምፕሻየሩ አቻቸው ጋር ለጠቅላይ ሚኒስትሩ በጻፉት ደብዳቤ፣ ሁለቱም ካውንቲዎች ወደ ኪሣራ እየሄዱ መሆኑን አስጠንቅቀው ነበር። ደብዳቤውን ጻፊዎቹም ተቀባዩም ወግ አጥባቂዎች መሆናቸው ልብ ይሏል።

ያልተሳካው የማራዘም ጥያቄ

በዲሴምበር 2024 የሌበር መንግሥት ባለ ሁለት እርከኑን አሠራር በመላ እንግሊዝ አፍርሶ በአንድ እርከን የመተካት ዕቅድ አወጣ። በዕቅዱ ቀድመው ለመግባት የሚፈልጉ ካውንቲዎች የሜይ 2025 ምርጫቸው እንዲራዘም መጠየቅ ይችሉ ነበር። የኬንት መሪዎችም ጠየቁ። በፌብሩዋሪ 2025 መንግሥት የዘጠኝ አካባቢዎችን ምርጫ ለአንድ ዓመት አራዘመ፤ ኤሴክስ፣ ሰሪ፣ ሃምፕሻየር፣ ኖርፎክ፣ ሰፎክና ሁለቱ ሰሴክሶች ከነዚሁ ውስጥ ናቸው። የኬንትን ጥያቄ ግን ሳይቀበል ቀረ።

የፈሩት ይደርሳል የጠሉት ይወርሳል እንደሚባለው ሆነ። ኤሴክስና ሰሪ ያሉ የወግ አጥባቂ ተመራጮች ወንበራቸው ላይ ሲቆዩ፣ በ2021 ኬንት ውስጥ ከ60 በላይ ወንበር ያገኘው ፓርቲ በሦስት ወር ውስጥ ተጠራርጎ ወጣ። የካውንቲው መሪ ጎፍ ራሳቸው ወንበራቸውን አጡ።

ድምፅ አሰጣጡ

ካውንቲው በ72 የምርጫ ክልሎች የተከፈለ ነው፤ አብዛኞቹ አንድ፣ ጥቂቶቹ ሁለት ተወካይ ይልካሉ። መራጩ መታወቂያውን ያሳያል (ከ2023 ጀምሮ ፎቶ ያለው መታወቂያ ግድ ነው)፣ ወረቀቱን ተቀብሎ በጨርቅ ወይም በሳንቃ ወደተከለለው ጥግ ይገባል፣ በክር በታሰረች እርሳስ የመስቀል ምልክት አድርጎ ይወጣል። ብዙ ድምፅ ያገኘ ያሸንፋል፤ ግማሽ መሙላት አያስፈልገውም።

ይህ አሠራር የተበጀው ሁለት ትልልቅ ፓርቲዎች ለሚፎካከሩበት ዘመን ነው። በ2025 ግን አምስት ፓርቲዎች ድምፁን ተቃረጡት። ሪፎርም በካውንቲው ያገኘው ድምፅ ከ40 በመቶ በታች ሲሆን የወሰደው ወንበር 70 በመቶ ነው። ወግ አጥባቂዎች በየክልሉ ሁለተኛ እየወጡ፣ በካውንቲው ያገኙት ድምፅ ከሊበራል ዴሞክራቶቹ እየበለጠ፣ በወንበር ግን ከግማሻቸው አነሱ፤ ሊበራሎቹ ድምፃቸው እንደ ተንብሪጅ ዌልስ ባሉ የምዕራብ ኬንት ከተሞች ስለሚከማች ነው። ለሌበር ደግሞ ሌላ ዓይነት ውርደት ነበር። በጁላይ 2024 አጠቃላይ ምርጫ ኬንትና ሜድዌይ ካሏቸው 18 የፓርላማ ወንበሮች 11ዱን ወስዶ ነበር። ከአሥር ወር በኋላ ከ81 ሁለት።

እዚህ ላይ ለአማርኛ አንባቢ የሚገርም ነገር አለ። በእንግሊዝ የአካባቢ ምርጫ የሚመርጠው የብሪታንያ ዜጋ ብቻ አይደለም፤ የአየርላንድ፣ የኮመንዌልዝ አገሮችና የአንዳንድ የአውሮፓ አገሮች ዜጎችም በሕጋዊ መንገድ እዚያ ከኖሩ ይመርጣሉ። አንድ ኬንያዊ ወይም ሩዋንዳዊ ነርስ ካንተርበሪ በደረሰ በወራት ውስጥ ድምፅ መስጠት ይችላል። ኢትዮጵያ የኮመንዌልዝ አባል ስላልሆነች፣ እዚያው ሆስፒታል አሥር ዓመት የሠራ ኢትዮጵያዊ ፓስፖርቱን እስካልቀየረ ድረስ መራጮች መዝገብ ላይ አይሰፍርም፤ የኢትዮጵያ ሕግ ደግሞ ሁለት ዜግነት ስለማይፈቅድ መቀየሩ ቀላል ምርጫ አይደለም።

በዚያው ዕለት በሌላው እንግሊዝ

ኬንት ብቻዋን አልነበረችም። በ23 ምክር ቤቶች ከ1,600 በላይ ለሆኑ ወንበሮች በተደረገው ፉክክር ሪፎርም 677 አሸንፎ አሥር ምክር ቤቶችን ተቆጣጠረ፤ ከኬንት ሌላ ላንካሻየር፣ ደርቢሻየር፣ ኖቲንግሃምሻየር፣ ስታፎርድሻየር፣ ሊንከንሻየር፣ ደርሃም፣ ዶንካስተርና ሁለቱ ኖርዝሃምፕተንሻየሮች ናቸው። ወግ አጥባቂዎች ይዘዋቸው ከነበሩት ምክር ቤቶች አንዱንም በአብላጫ ማስቀጠል አልቻሉም። በዚያው ዕለት በራንኮርንና ሄልስቢ በተደረገው የፓርላማ ማሟያ ምርጫ ሪፎርም ሌበርን ያሸነፈው በስድስት ድምፅ ነበር።

ከሁሉም ደርሃም የተለየች ናት። በ1919 ሌበር ለመጀመሪያ ጊዜ የካውንቲ ምክር ቤት የተቆጣጠረባት፣ የከሰል ማዕድን ሠራተኞች አገር ናት። በ2025 ሪፎርም ከ98 ወንበሮች 65ቱን ሲወስድ ሌበር አራት ቀረለት። ዋሪክሻየር ውስጥ ደግሞ ሪፎርም አብላጫ ሳይሞላ ትልቁ ፓርቲ ሆነ፤ የመጀመሪያው መሪ በሳምንታት ውስጥ ሲለቁ ካውንቲውን እንዲመራ የተመረጠው ጆርጅ ፊንች የ19 ዓመት ወጣት ነበር።

የፓርላማውና የመንግሥቱ መቀመጫ በሆነው ዌስትሚኒስተር ድንጋጤው በቀናት ውስጥ ታየ። ጠቅላይ ሚኒስትር ኪር ስታርመር ሜይ 12 ቀን የስደት ደንቦችን የሚያጠብቅ ሰነድ ይዘው ወጡ። በዚያው ወር ከጡረተኞች ተነጥቆ የነበረው የክረምት ማሞቂያ ድጎማ ላይ መንግሥት ሐሳቡን እንደሚቀይር አስታወቀ። የወግ አጥባቂዎቹ መሪ ኬሚ ባደኖክ ለተሸነፉት ተመራጮቻቸው ይቅርታ ጠየቁ። በሕዝብ አስተያየት መለኪያዎች ሪፎርም በአገር ደረጃ ከፊት መምራቱን ቀጠለ።

አዲሶቹ አስተዳዳሪዎች

የኬንት ሪፎርም ተመራጮች ሊንደን ኬምካረንን መሪ አደረጉ። የቀድሞ የቢቢሲ ጋዜጠኛ ናቸው፤ በ2019 ብራድፎርድ ውስጥ ለወግ አጥባቂዎች ለፓርላማ ተወዳድረው ነበር። ከ57ቱ ተመራጮች ብዙዎቹ ከዚያ በፊት ምክር ቤት ገብተው አያውቁም። የሊበራል ዴሞክራቱ አንተኒ ሁክ የተቃዋሚዎች መሪ ሆኑ።

የመጀመሪያዎቹ እርምጃዎች በምልክት የበረቱ ነበሩ። ከሩሲያ ወረራ በኋላ በምክር ቤቱ አዳራሽ ተሰቅሎ የነበረው የዩክሬን ባንዲራ ወረደ። በጁላይ ጾታ መቀየርን የሚመለከቱ መጻሕፍት ከቤተ መጻሕፍት የሕፃናት ክፍል እንዲነሱ መታዘዙ ተነገረ፤ ኋላ ሲጣራ ግን ቅሬታ ያስነሳው መጽሐፍ የነበረው በአዋቂዎች መደርደሪያ ነው ተባለ። በሴፕቴምበር ምክር ቤቱ በ2019 የታወጀውን የአየር ንብረት አስቸኳይ ጊዜ ሻረ።

ትልቁ ተስፋ ግን ገንዘብ ማዳን ነበር። ሪፎርም አሜሪካ ውስጥ ኢለን መስክ ይመሩት ከነበረው መሥሪያ ቤት ስሙን ተውሶ ብክነት የሚያድን ቡድን አቋቋመ፤ ቡድኑ በጁን መጀመሪያ ቀድሞ የሄደው ወደ ኬንት ነው። የፓርቲው ሊቀመንበርና የዚህ ሥራ አንቀሳቃሽ ዚያ ዩሱፍ ከሦስት ቀን በኋላ ከሊቀመንበርነት ለቀቁ፣ ከዚያ በሁለተኛው ቀን በሌላ ኃላፊነት ተመለሱ። ካውንቲውም ለዚሁ ዓላማ የራሱን የካቢኔ ክፍል አዋቀረ።

በጁላይ ኬምካረን ወደ 40 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ አድነናል አሉ። አብዛኛው ሕንፃዎችን ከካርቦን ነፃ ለማድረግ ታስቦ ከነበረ ሥራ፣ ቀሪው የካውንቲውን መኪናዎች በኤሌክትሪክ ከመቀየር የተሰረዘ ነው። ተቃዋሚዎቹ ሰነዱን ገልጠው፣ ገንዘቡ ገና ያልተመደበና በከፊልም ከውጭ ድጎማ ይመጣል ተብሎ የሚጠበቅ ስለነበር ተረፈ ሊባል አይችልም አሉ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ዓይነት ቁጠባ መሆኑ ነው።

በዚያው ጁላይ የሆነው ሌላ ነገር ደግሞ የበለጠ ይናገራል። መንግሥት የስደት ደንቡን ሲያጠብቅ፣ ከውጭ አገር አዳዲስ የእንክብካቤ ሠራተኞችን መቅጠር ከጁላይ 22 ጀምሮ እንዲቆም አድርጎ ነበር። ስደት ይቀነስ ብሎ ያሸነፈው የኬንት አመራር ምን አደረገ? ኬምካረንና የአዋቂዎች እንክብካቤ ኃላፊዋ ዳያን ሞርተን ለሚኒስትሮች ደብዳቤ ጻፉ፤ በካውንቲው የእንክብካቤ ሥራ ላይ ከውጭ የመጡ ሠራተኞች ትልቅ ድርሻ ስላላቸው ለውጡ ዘርፉን ገደል አፋፍ ላይ ያቆመዋል የሚል። ይህን ግብዝነት ብሎ መሳቅ ቀላል ነው፤ እኔ ግን ከዚያ ይልቅ ትምህርት ይመስለኛል። የአረጋውያኑን ዝርዝርና የሠራተኞቹን ዝርዝር ጎን ለጎን አስቀምጦ ያየ ማንም ኃላፊ ያንኑ ደብዳቤ መጻፉ አይቀርም ነበር።

በኦክቶበር ሞርተን ለጋዜጣ ሲናገሩ አገልግሎቱ ከቀድሞም አጥንቱ እስኪታይ ተግጦ እንዳገኙት፣ ፍላጎቱም እየጨመረ መሆኑን አልሸሸጉም። ካውንቲ ሕዝበ ውሳኔ ሳይጠራ ካውንስል ታክስን መጨመር የሚችለው ከ5 በመቶ በታች ነው። በዘመቻው ወቅት ቤት ለቤት የተሰጠው ተስፋ ታክስ ይቀንሳል የሚል ስሜት ፈጥሮ ነበር፤ ለ2026/27 የመጣው ግን ጭማሪ ነው።

ያፈተለከው ቪዲዮ

ኦክቶበር 18 ቀን 2025 ጋርዲያን ጋዜጣ የሪፎርም የኬንት ተመራጮች በኢንተርኔት ያደረጉትን ዝግ ስብሰባ ቅጂ አወጣ። በስክሪኑ ላይ ፊቶች በትንንሽ ካሬ ተደርድረዋል። አባላቱ በትልልቅ ውሳኔዎች አልተማከርንም እያሉ ያማርራሉ፤ መሪዋ ኬምካረን በስድብ ቃል አጅበው፣ አንዳንድ ውሳኔ እኔ እወስናለሁ እናንተም ዋጥ ታደርጉታላችሁ የሚል መልስ ይሰጣሉ። ኬንት ፓርቲው ለአገር የሚታይባት የሱቅ መስኮት እንደሆነችና እዚያ ከተበላሸ በአጠቃላይ ምርጫው እንደሚያስከፍልም በዚያው ስብሰባ ተነግሯል።

ቪዲዮው ከወጣ በቀናት ውስጥ አራት ተመራጮች ከፓርቲው ቡድን ታገዱ፤ ሌሎችም ተከተሉ፣ ከፊሎቹ እስከነጭራሹ ተባረሩ። ከዚያ በፊትም በተለያየ ምክንያት የታገደ፣ ወደ ዩኪፕ የሄደም ነበር። በዓመቱ መጨረሻ 57 የነበረው ቁጥር ከ50 በታች ወርዷል። አብላጫ ለመያዝ 41 ስለሚበቃ አስተዳደሩ አልተናጋም፤ የታኔትን የ2015 ታሪክ የሚያስታውሱ ሰዎች ግን ጣታቸውን እያጠፉ መቁጠር ጀመሩ። በእርግጥ ልዩነት አለ። በታኔት የተጣሉት በአንድ አውሮፕላን ማረፊያ ነው፤ በኬንት የተጣሉት ማን ይወስናል በሚለው ነው። የፓርቲ አባልነት ልምድ የሌላቸው ሃምሳና ስልሳ ሰዎች በአንድ ሌሊት ገዢ ሲሆኑ፣ ካቢኔ ውስጥ የገቡት አሥሩ ሁሉን ያያሉ፣ የቀሩት ግን በየክልላቸው ስለ አስፋልት ጉድጓድ የሚጠይቃቸውን ሰው ይዘው ይቀራሉ። ይህ በየትኛውም ፓርቲ ያለ ነው፤ የቆዩት ፓርቲዎች ግን ቅሬታን በጓዳ የሚያበርዱበት መላ አላቸው።

የምክር ቤቱ ዕድሜ

ያ ሁሉ ፉክክር የተደረገበት ተቋም ራሱ የሚፈርስ ነው። ምርጫው እንዲራዘም የተደረገው ጥያቄ ውድቅ ቢሆንም የመዋቅር ለውጡ ኬንትን አልማራትም። ካውንቲው፣ 12ቱ ዲስትሪክቶችና ሜድዌይ ሁሉም ቀርተው በአንድ እርከን እንዲተኩ ተወስኖ፣ አማራጮቻቸውን በኖቬምበር 2025 ለመንግሥት አስገቡ። ካውንቲው ራሱ ያቀረበው መላውን ኬንት የሚያስተዳድር አንድ ትልቅ ምክር ቤት ሲሆን፣ ዲስትሪክቶቹ ደግሞ ሦስት፣ አራት ወይም አምስት እንሁን አሉ። ካርታው በየት በኩል እንደሚቆረጥ ቀላል ጥያቄ አይደለም። ሰቨንኦክስና ተንብሪጅ ዌልስ ያሉበት ምዕራብ ሀብታም ነው፤ ታኔትና ዶቨር ያሉበት ምሥራቅ ድሃና አረጋዊ የበዛበት ነው። ሁለቱ ከተለያዩ የምሥራቁ እንክብካቤ ሂሳብ ከማን ኪስ ይከፈላል?

በመንግሥት የጊዜ ሰሌዳ መሠረት ለአዲሶቹ ምክር ቤቶች ምርጫ የሚደረገው በ2027 ሲሆን፣ ሥልጣኑን የሚረከቡት በኤፕሪል 2028 ነው። በተለመደው አሠራር የካውንቲው ቀጣይ ምርጫ በ2029 ይሆን ነበር። ዕቅዱ በዚሁ ከሄደ በሜይ 2025 የተመረጡት 81 ሰዎች ከ1889 ጀምሮ ሲተካካ የመጣው የኬንት ካውንቲ ምክር ቤት የመጨረሻ አባላት ይሆናሉ። የአሽፎርዱን ቢን የሚያነሳውም፣ አሊንግተን ወስዶ የሚያቃጥለውም ያኔ አንድ ምክር ቤት ይሆናል።